ከመነሳት በኋላ ያሉት ሴኮንዶች

ጥቅምት 11 ቀን 2002 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የአዛ ትራንስፖርት ንብረት የሆነ አንድ ቦይንግ 707 የጭነት አውሮፕላን ወደ ካርቱም ለመብረር ከሻርጃ ተነሳ። አርባ ዓመት ገደማ ያገለገለ አውሮፕላን ነበር። ገና ከመነሳቱ በቀኙ ክንፍ ዳር የተንጠለጠለው የአራተኛው ሞተር ሽፋን ተገንጥሎ ወደቀ። ሽፋኑ ሲነቀል የሞተሩን ጉልበት ለመለኪያው የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦ ይዞት ሄደ፤ በአብራሪዎቹ ፊት ያለው መርፌም ሞተሩ ኃይል ያጣ መስሎ ታየ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ አጋደለ፣ ከልክ በላይ አጋደለ፣ ከዚያም ከማኮብኮቢያው ብዙም ሳይርቅ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት ስድስት የበረራ ሠራተኞች በሙሉ ሞቱ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ መርማሪዎች የደረሱበትን የምክንያት ሰንሰለት ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። ሽፋኑ ተነቀለ፣ ቱቦው ተላቀቀ፣ አብራሪዎቹ ጠፍቷል ብለው ላመኑት ኃይል የሰጡት ምላሽ ትክክል አልነበረም ተብሎ ይገመታል፣ አውሮፕላኑ ከተፈቀደው በላይ አጋደለ፣ ክንፉ አየሩን መያዝ አቃተው። ከእነዚህ አምስት ቀለበቶች የብረቱ ጥፋት የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስት ደኅና ሞተሮች ገና በሥራ ላይ ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል። በመነሳት ላይ ያለን አውሮፕላን ብልሽት ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ሕይወት የሚያጠፋው ብልሽቱ ራሱ ሳይሆን ቀጥለው ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች የሚደረገው ወይም ሳይደረግ የሚቀረው ነገር ነው። በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ አስቦ መወሰን አይቻልም፤ የሚቻለው መሬት ላይ ሳሉ የወሰኑትን መፈጸም ነው። ይህን ትምህርት ከማንኛውም የበረራ ትምህርት ቤት በተሻለ ሥርዓት የያዘው ደግሞ ምንም ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ግላይደር፣ የሚሠለጥንበት ሜዳ ነው። ካርቱም ከጦርነት ፍርስራሽ ውስጥ አየር መንገዷን እንደገና ለማቆም በምትጣጣርበት በዚህ ጊዜ፣ ከግላይደር ሜዳ የሚገኘው ይህ ልምድ ለሱዳንም ለእኛም አብራሪዎች የሚበጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግላይደር በራሱ አይነሳም፤ የሚያነሳው ይፈልጋል። አንደኛው መንገድ ሞተር ባለው አውሮፕላን መጎተት ሲሆን ሌላው ዊንች ነው፦ ከሜዳው ማዶ የቆመ ኃይለኛ ሞተር ከበሮው ላይ ገመድ እየጠቀለለ ይስባል። የገመዱ ርዝመት ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ረዳት የክንፉን ጫፍ በእጁ ይዞ አውሮፕላኑን ሚዛን ያስጠብቃል፣ ሌላው የገመዱን ቀለበት ከሆዱ መንጠቆ ያያይዛል፣ ሠልጣኙ የግራ እጁን ቢጫው የገመድ መልቀቂያ እጀታ ላይ ያሳርፋል። የእጁ ቦታ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ክንፉ አጋድሎ መሬት ሊነካ ከሆነ እጀታውን በዚያው ቅጽበት መሳብ አለበት፤ እጀታውን ፍለጋ የሚጠፋ ግማሽ ሴኮንድ ግላይደሩን ሊገለብጠው ይችላል። ገመዱ ሲወጠር ግላይደሩ ጥቂት ሜትሮች ተንደርድሮ ይነሳል፣ ከዚያም አፍንጫውን እስከ 45 ዲግሪ ቀና አድርጎ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከመሬት 300 ወይም 400 ሜትር ይርቃል።

ገመዱ በዚያ አቀበት መሐል ቢበጠስ ምን ይሆናል? ቀላል የፊዚክስ ስሌት ነው። ጎታቹ ኃይል ሲቋረጥ አፍንጫውን 45 ዲግሪ ያቀና ግላይደር በእያንዳንዱ ሴኮንድ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የነበረና ክንፉ በ70 አየር መያዝ የሚያቆም ግላይደር ያለው ጊዜ አንድ ሴኮንድ ከትንሽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ያለ ምንም ማሰላሰል መዘውሩን ወደ ፊት መግፋትና አፍንጫውን ከአድማስ በታች ማድረግ ነው። ሁለተኛው መታገሥ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም አፍንጫው ወደ መሬት ስለተመለከተ ብቻ ፍጥነቱ የተመለሰ ይመስላል፣ ገና ግን አልተመለሰም። ብዙ ሰው የሞተው እዚህ ላይ፣ መለኪያው በቂ ፍጥነት ሳያሳይ በመታጠፍ ነው። አውሮፕላን በ45 ዲግሪ ሲያጋድል በአየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ትንሹ ፍጥነት በ19 በመቶ ያድጋል፤ በ60 ዲግሪ ሲያጋድል በ41 በመቶ። ፍጥነት ባጣበት ሰዓት የሚታጠፍ አብራሪ እንግዲህ በሁለት በኩል ይከስራል። ወዴት ልረፍ ብሎ መምረጥ ሦስተኛው እርምጃ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት በቂ ሜዳ ካለ ፊት ለፊት ነው።

የግላይደር ትምህርት ቤቶች ይህን ሁሉ ለአደጋው ቀን አያቆዩትም። በገመዱ ላይ ሆን ተብሎ የሚገባ፣ ጥንካሬው በቀለም የሚለይ ደካማ ማያያዣ አለ፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ክንፉ ከመጎዳቱ በፊት እርሱ እንዲበጠስ የተሠራ ነው። መበጠስ የሥርዓቱ አካል ስለሆነ ሠልጣኙም እንደ ክፉ ዕድል አይቆጥረውም። ከመነሳቱ በፊት ጮክ ብሎ ይናገራል፦ ዛሬ ነፋሱ ከየት ነው፣ እስከዚህ ከፍታ ከተበጠሰ ፊት ለፊት አርፋለሁ፣ ከዚህ በላይ ከሆነ በዚህ በኩል እታጠፋለሁ። በአውሮፕላን ሲጎተቱ በሰፊው የሚሠራበት ወሰን 60 ሜትር ወይም 200 ጫማ ነው፤ ከዚያ በታች ወደ ኋላ መመለስ አይታሰብም። የአሜሪካ የበረራ ደንብ አንድ የግላይደር ሠልጣኝ የገመድ መበጠስን ጨምሮ ድንገተኛ አደጋዎችን በተግባር ሳይለማመድ ብቻውን እንዳይበር ይከለክላል። አሠልጣኙም ከኋላ ወንበር ሆኖ እጀታውን ራሱ ይስብና ተማሪው ምን እንደሚያደርግ ያያል። አንድ ጊዜም አያበቃም። እጁ ከአእምሮው ቀድሞ እስኪንቀሳቀስ ይደጋገማል።

ይህን ይዘን ወደ ካርቱም እንመለስ። የካርቱም አየር ማረፊያ ከከተማዋ መሐል ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ማኮብኮቢያ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል፤ በምዕራቡ አማራት፣ በምሥራቁ ሪያድና ጣኢፍ፣ በሰሜኑ በኩል ቡሪ፣ ከቡሪም አለፍ ሲል ጥቁር ዓባይ። ከጦርነቱ በፊት አያሌ ኢትዮጵያውያን የኖሩበት፣ እንጀራና ቡና የማይጠፋበት ዴም ሰፈርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ለግላይደር ሠልጣኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከተበጠሰ የት አርፋለሁ?» ከሆነ፣ ከዚህ ማኮብኮቢያ ለሚነሳ አብራሪ መልሱ ገና ሳይጠየቅ የጠበበ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ያጠብበዋል። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 386 ሜትር ብቻ ብትሆንም፣ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፍና ሞተር 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳሉ ሆነው ይሠራሉ። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ አቀበቱ ይለዝባል፣ ለስሕተት የሚተርፈው ከፍታ ያንሳል። በክረምት መግቢያ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ግድግዳ ሲነሳ ደግሞ አድማሱ ራሱ ይጠፋል። በሰኔ 2000 ዓ.ም. ይህ አየር ማረፊያ ሁለት ከባድ አደጋዎችን አየ። ሰኔ 3 ቀን የሱዳን አየር መንገድ ኤርባስ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው ጫፍ አልፎ ተቃጠለ፤ 30 ሰዎች ሞቱ። ከሃያ ቀን በኋላ ወደ ጁባ ለመብረር የተነሳ ኢሊዩሺን 76 የጭነት አውሮፕላን ወዲያው ወድቆ አራቱም ሠራተኞቹ አለቁ።

ከአገራችን የሚቀርበው ምሳሌ የባሕር ዳሩ ነው፤ ከሻርጃው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ያስተምራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ፤ ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ከመጀመሪያውም ስስ ነው። ሞተሮቹ እያንቋረሩም ቢሆን አውሮፕላኑን ጥቂት ከፍ አደረጉት፤ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ግን ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያ ጄት ግላይደር ነበር። አብራሪዎቹ ማረፊያው እንደማይደረስበት ሲያውቁ አላሳደዱትም። ከከተማዋ ውጭ ባገኙት ገላጣ ቦታ ጎማ ሳያወርዱ በሆዱ አሳረፉት። እሳት ተነሳ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ከነበሩት 104 ሰዎች ውስጥ ግን 69ኙ ተረፉ። ሁለቱንም ሞተሮች ያጣው አውሮፕላን አብዛኛውን ሰው ሲያተርፍ፣ ሦስት የሚሠሩ ሞተሮች የነበሩት ሁሉንም ገደለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ክንፉ እየበረረ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ይመጣል፦ ጄት ግላይደር አይደለም፤ ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱን ቢያጣ በአንዱ መውጣቱን እንዲቀጥል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እኛ የምንማረው ቀጥሎ መውጣትን እንጂ አፍንጫ መድፋትን አይደለም ይላሉ። ትክክል ናቸው። ይሁንና ከግላይደር ሜዳ ልውሰድ የምለው አፍንጫ መድፋቱን ሳይሆን ቀድሞ መወሰኑን ነው፤ እርሱን ጄቱም ያውቀዋል። አብራሪዎች ቪ ዋን የሚሉት ፍጥነት በየበረራው መሬት ላይ ይሰላል፤ ከእርሱ በፊት ብልሽት ቢመጣ ይቆማል፣ ከእርሱ በኋላ ቢመጣ ይነሳል። የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ሌሊት ከፖርት ሱዳን ወደ ካርቱም የተነሳው የሱዳን አየር መንገድ ቦይንግ 737 ብዙም ሳይርቅ የአንድ ሞተር ኃይል ማጣቱን አስታወቀና ተመለሰ። በጨለማ ማኮብኮቢያውን ሳተው፤ እንደገና ለመዞር ሲሞክር ወደቀ። ከ117 ሰዎች የተረፈው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር እየበረረ ነበር፤ ሰዎቹን የገደላቸው መመለሱ ነው። ቶሎ መሬት የመንካት ጉጉት የሰው ተፈጥሮ ነው፤ እርሱን በቃል ምክር መግራት አይቻልም፤ የሚገራው ልምምድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሱዳን አውሮፕላኖቿ ያረጁት በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት መለዋወጫ ስላጣች ነው፤ ጥፋቱን በአብራሪው ላይ መጫን ግፍ ነው የሚል ነው። ከፖርት ሱዳኑ አደጋ በኋላ የካርቱም ባለሥልጣናት ያሉት ይህንኑ ነበር። ማዕቀቡ እውነተኛ ጉዳት አድርሷል፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ እስኪነሳም ለሃያ ዓመት ቆይቷል። ያልተጠገነ ብረት ይቅር የሚባል ነገር አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን አየር መንገዶች ሁሉ ከሰማዩ ያገደውም ቁጥጥሩ የላላ ነው በሚል ነው። በማሽን ጥፋት የሚደርስ አደጋም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ የወደቀው 737 ማክስ 157 ሰዎችን ይዞ ያለቀው በተሳሳተ የማዕዘን ጠቋሚ መረጃ ላይ ተመሥርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ በሚደፋ የፋብሪካ ሥርዓት ነው፤ ያንን የግላይደር ትምህርት ያድነው ነበር የሚል ሰው ሟቾቹንም አብራሪዎቹንም ይበድላል። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። መለዋወጫ ገንዘብና ዲፕሎማሲ ይፈልጋል፣ ዓመታትም ይወስዳል። ልምምድ ግን ዛሬ ሊጀመር ይችላል። አሮጌ አውሮፕላን የሚያበርር ሰው ብልሽት ከሌላው በበለጠ ስለሚያጋጥመው፣ ልምምዱም ከሌላው በበለጠ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ወገን ልምምዱ ራሱ ሰው ገድሏል ይላል። ይህም እውነት ነው፤ አሠልጣኝ ገመዱን በማይገባ ከፍታ ለቅቆ ተማሪውን ለማስደንገጥ ሲሞክር ሁለቱም የተጎዱባቸው ጊዜያት አሉ። መልሱን የሰጠችው ብሪታንያ ናት። የአገሪቱ የግላይዲንግ ማኅበር በ1998 ዓ.ም. የዊንች አነሳስን ደኅንነት የሚመለከት ዘመቻ ጀመረ። የቀደሙትን አደጋዎች አንድ በአንድ መርምሮ በየደረጃቸው ለያቸው፦ ክንፍ መሬት ነክቶ መገልበጥ፣ ከተነሱ በኋላ ፈጥኖ አፍንጫ በማቅናት ክንፉ አየር ማጣቱ፣ ገመዱ ከተቋረጠ በኋላ ፍጥነት ሳይመለስ መታጠፍ። ለእያንዳንዱ ግልጽ ትእዛዝ አወጣ፣ በየክበቡ አዳረሰ፣ ልምምዱንም አላስቀረም፤ ሥርዓት አበጀለት እንጂ። መሬት በጣም ተጠግቶ የሚደረገውን አሠልጣኙ ራሱ ያሳያል፤ ድንገተኛው ፈተና የሚመጣው በቂ ከፍታ ሲኖር ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት በዊንች አነሳስ የሚሞቱና ክፉኛ የሚጎዱ ሰዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ። ሜዳው ያው፣ ገመዱ ያው፣ ነፋሱ ያው ነበር።

ሲሙሌተር እያለ ግላይደር ለምን ያስፈልጋል የሚልም አለ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊ ሲሙሌተሮች አሉት፤ ለአህጉሩ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የሱዳን አብራሪዎችም ሊጠቀሙባቸው ይገባል። ነገር ግን ሲሙሌተር ውድ ነው፣ ሰዓቱም ይቆጠራል፤ አብዛኛው ሠልጣኝ የሚያገኘውም ዘግይቶ ነው። እጅ የሚለምደው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. በካናዳ ሰማይ ላይ ነዳጅ የጨረሰውን ቦይንግ 767 ያሳረፈው ካፒቴን ቦብ ፒርሰን የግላይደር አብራሪ ነበር፤ ከፍታው ሲበዛበት አውሮፕላኑን ወደ ጎን አንሸራትቶ አወረደው። ይህ የግላይደር ሰዎች በየቀኑ የሚሠሩት ነገር ነው፤ ለ767 ግን ማንም አላሠለጠነውም ነበር። 69 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። የእኛው ካፒቴን ልዑል አባተም ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች ነዳጁን ያስጨረሱበትን 767 ያለ ሞተር እስከ ኮሞሮስ ዳርቻ አድርሶ ውኃ ላይ ያሳረፈው ከአንዱ ጠላፊ ጋር እየታገለ ነው። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ሰዎች ተረፉ። ኃይል የሌለውን ክንፍ እስከ መጨረሻው ማብረር ማለት ምን እንደሆነ ለማየት ከዚህ በላይ ማስረጃ አልሻም።

በመጨረሻም ጦርነት ያለበት አገር ስለ ሥልጠና የሚያስብበት ጊዜ የለውም ይባላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ የካርቱም አየር ማረፊያ ነበር፤ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በቆሙበት ነደዱ። የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከኦምዱርማን ሰሜን ካለው ከዋዲ ሰይድና የጦር ሰፈር ሲነሳ የነበረ አንቶኖቭ አውሮፕላን መኖሪያ ሰፈር ላይ ወደቀ፤ የካርቱም ግዛት አስተዳደር እንዳስታወቀው 46 ሰዎች ሞቱ፣ ከሟቾቹም ውስጥ በቤታቸው የነበሩ ሰላማዊ ሰዎች ይገኙበታል። ጦርነቱ የመነሳት አደጋን አላስቀረውም፤ በአሮጌ አውሮፕላን ላይ የሚደርሰውን ጫና ጨመረው እንጂ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የበድር አየር መንገድ አውሮፕላን ካርቱም አረፈ። ያ በረራ ለብዙ ስደተኛ የቤት መንገድ መከፈት ነበር፤ ወደ ዴምና ወደ ሰሃፋ ሰፈሮች ለመመለስ ለሚያስቡ የእኛ ሰዎችም እንዲሁ።

ስለዚህ የሱዳንን ሲቪል አቪዬሽን እንደገና የሚያደራጁትን ሰዎች ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከኦምዱርማን ደቡብ ይሠራል ሲባል ዓመታት የተቆጠሩለት አዲሱ አየር ማረፊያ ቢዘገይም፣ በነባሩ የካርቱም ማኮብኮቢያ ሁለት ጫፎች ላይ ያለው ባዶ መሬት ቤት ሳይሠራበት ይከለል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ጀማሪ አብራሪ ብቻውን ከመብረሩ በፊት ኃይል ሲቋረጥበት ምን እንደሚያደርግ በእጁ ያሳይ፤ አንድ ዊንች፣ ሁለት ግላይደርና አንድ ሰፊ ሜዳ ለዚህ ይበቃሉ። ሜዳው ከካርቱም ዙሪያ ሞልቷል።